ሆል ኢፌክት አናሎግ በፒኤስ 4 ጆይስቲክ ላይ፦ የስምንት ወር ልምዴ

ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ አራት ቴሌቪዥን ያላት ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። ስምንት ጆይስቲክ አለኝ፣ ሁሉም የፕሌይስቴሽን 4 (ፒኤስ 4) ናቸው። ባለፈው ጥቅምት ከሦስቱ ላይ የድሮውን አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋውን ዱላ) ነቅዬ ሆል ኢፌክት የሚባለውን፣ በማግኔት የሚሠራውን ለመግጠም ወሰንኩ። አሁን ሰኔ ነው። መብራት ባለበት ቀን ሁሉ ከጠዋት እስከ ማታ ሲገፉና ሲጎተቱ ከርመዋል፤ ስለዚህ ስለነሱ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ።

ጌም ቤት ያላችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። ልጁ ብሩን ከፍሎ ይቀመጣል። ጨዋታው 1 ለ 1 ነው። 88ኛው ደቂቃ ላይ ተከላካዩ ማንም ሳያዘው ወደ ግራ ይሄድና መንገዱን ይከፍታል። ጎል። «ወንድምዓለም፣ ይሄ እኮ ብቻውን ይሄዳል!» ይለኛል። የተሸነፈ ሁሉ በጆይስቲክ ያመካኛል ብዬ ስንቱን አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ግን ተቀበልኩትና አውራ ጣቴን ከአናሎጉ ላይ አንስቼ ስክሪኑን ዝም ብዬ አየሁ። ተጫዋቹ ቀስ እያለ ወደ ግራ ይራመዳል። ልጁ እውነቱን ነበር። ብሩን መለስኩለት፤ ግን ከሱ በፊት ስንቱ ያለጥፋቱ ተሸንፎ እንደወጣ ሳስበው በጣም ከፋኝ።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ላስረዳ። በተለመደው አናሎግ ጎን ላይ ሁለት ፖቴንሾሜትር አለ። አንዱ ግራና ቀኙን ይለካል፣ ሌላው ላይና ታቹን። ውስጡ ካርቦን የተቀባ ትንሽ መንገድ አለ፤ በላዩ ላይ ቀጭን የብረት ምላስ ይንሸራተታል። ምላሱ የቆመበት ቦታ ቮልቴጁን ይወስናል፣ ጆይስቲኩም ያንን ያነባል። የድሮ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያው ሲያረጅ ኮሽ ኮሽ እንደሚለው ማለት ነው፤ ዕቃው ራሱ አንድ ዓይነት ነው። ካርቦኑ ሲፋቅ መሀሉ መሀል መሆኑ ይቀራል። የትኛውም ኩባንያ ቢሠራው፣ ብረት ካርቦን ላይ እስከተፋተገ ድረስ ያልቃል። የተለመደው ዕቃ 2 ሚሊዮን ዙር ይችላል ተብሎ ነው የሚሠራው። ብዙ ይመስላል። ግን በደቂቃ 100 ጊዜ ቢንቀሳቀስ በ333 ሰዓት ያልቃል፣ በቀን 10 ሰዓት ለሚሠራ ቤት ይሄ ከአንድ ወር ብዙም አያልፍም። እርግጥ እያንዳንዱ ንክኪ ሙሉ ዙር ስላልሆነ እኔ ጋ ሦስት አራት ወር ይቆይ ነበር።

መጀመሪያ በአልኮል አጠብኩት። ለሳምንት ደህና ሆነና ተመለሰ፣ ምክንያቱም አልኮል አቧራ ያነሳል እንጂ የተፋቀ ካርቦን አይመልስም። ቀጥሎ ተራ አናሎግ አስቀየርኩ። አንድ ጠጋኝ ጋ ወስጄው ቦርዱን አቃጥሎ መለሰልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ራሴ ለመማር ወሰንኩ።

ሆል ኢፌክት ላይ የሚፋተግ ነገር የለም። በአናሎጉ እግር ላይ ማግኔት አለ፣ ከፊቱ ደግሞ ማግኔቱ ምን ያህል እንደቀረበና እንደዞረ የሚያነብ ሴንሰር። አይነካኩም። ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም፤ ኤድዊን ሆል በ1879 እ.ኤ.አ. ያገኘው ነው፣ የሴጋ ድሪምካስት ጆይስቲክም በ1998 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ ነበር የሚሠራው። እኔ ከዱባይ በመጣ ሰው ስድስት ፍሬ አስመጣሁ፣ ለሦስት ጆይስቲክ። ዋጋው ከተራው ሦስት እጥፍ ይጠጋል።

መፍታቱ ቀላል ነው። ከጀርባ አራት ብሎን አለ፣ ትንሽ ካቻቢቴ ይበቃል። ክዳኑን ብርግድ አድርጋችሁ አትክፈቱት፤ ውስጥ ሁለቱን ቦርድ የሚያገናኝ ስስ ሪባን አለ፣ ከተቀደደ ሌላ ወጪ ነው። ባትሪውን ንቀሉ። የሚያንቀጠቅጡት ሞተሮች ሽቦ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ አትጎትቱት።

ከባዱ መንቀሉ ነው። አንዱ አናሎግ 14 እግር አለው፦ ስድስቱ የፖቴንሾሜትሮቹ፣ አራቱ ሲጫን ቀጭ የሚለው የኤል 3 ማብሪያ፣ አራቱ የብረት ሳጥኑ። የሳጥኑ እግሮች ከቦርዱ ሰፊ መዳብ ጋር ስለተገናኙ ሙቀቱን ይጠጡታል፤ የብየዳ ካውያው ቢነካቸውም ሊዱ (እግሩን ከቦርዱ ያጣበቀው ብየዳ) አይቀልጥም። እኔ እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። እግሩ ገና ሳይለቅ በትዊዘር ጎተትኩና ከቦርዱ ላይ አንዷን ክብ መዳብ ይዞት ተነሳ። ከመልቲሜትር ጋር አንድ ማታ ሙሉ ቁጭ ብዬ መስመሯን ፈልጌ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሽቦ አገናኘኋት። ሁለተኛው ላይ ፖሊ ቴክኒክ የሚማር አንድ ጎረቤቴ ዘዴውን አሳየኝ። «በቃ አትጎትት፤ መጀመሪያ አዲስ ሊድ ጨምርበት» አለኝ። የፋብሪካው ሊድ እርሳስ የሌለበት ስለሆነ 217 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚቀልጠው፣ እርሳስ ያለበት ተራው ሊድ ግን በ183። ሁለቱ ሲቀላቀሉ ይለሰልሳል። ፍላክስ (ሊዱ በደንብ እንዲፈስ የሚረዳ ቅባት)፣ አዲስ ሊድ፣ ከዚያ የሊድ መምጠጫ። እግሮቹ አንድ በአንድ ሲለቁ አናሎጉ በራሱ ክብደት እጄ ላይ ወደቀ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

ገጥሞ መዝጋት ብቻ ግን አይበቃም። አዲሱ ዕቃ መሀሉ ከድሮው ይለያል፣ ስለዚህ ካሊብሬት መደረግ አለበት፤ መሀሉና ጫፉ የት እንደሆነ ለጆይስቲኩ መንገር ማለት ነው። በኮምፒውተር፣ በክሮም ብራውዘር፣ ጆይስቲኩን በገመድ ሰክታችሁ በነፃ የሚሠራበት መንገድ አለ። መጀመሪያ መሀሉን ታስይዙታላችሁ፣ ከዚያ ዳር ዳሩን እያዞራችሁ ጫፉን። በመጨረሻ በቋሚነት ይመዘግበዋል። ብዙ ሰው ይሄን ይዘልና «ሆል ኢፌክት አይረባም» ይላል። ዕቃውን አትውቀሱት።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ መሀሉ 0፣ ጫፉ 1 ነው፤ የድሮው አናሎግ ሳይነካ 0.11 ያሳይ ነበር። አዲሱ የገባ ቀን 0.01። ትናንት ማታ ሁለቱን ለካሁ (የሦስተኛውን ታሪክ ወደ ታች እነግራችኋለሁ)፣ አንዱ 0.01፣ ሌላው 0.02። በስምንት ወር ውስጥ በነዚህ ላይ ብቻውን ሄደ ያለኝ አንድም ልጅ የለም። የሚያዝያ ሙቀት አልፎባቸዋል፣ ላብ ጠጥተዋል፣ ማንጎ በልቶ እጁን ሳይታጠብ የያዘም ነበር፣ የባጃጅ መንገዱ አቧራም በበሩ ይገባል። ከጣና በኩል የሚመጣው እርጥበት ተጀምሯል፣ እስካሁን ምንም አላደረጋቸውም።

ጉድለቱንም ልናገር። ሴንሰሩ አያልቅም እንጂ ሌላው ያልቃል። የአናሎጉ ላስቲክ በአምስተኛው ወር ተላጠ፣ ቀየርኩት። የፕላስቲኩ አንገት ከቀዳዳው ዳር ጋር እየታከከ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ በየወሩ በብሩሽ እጠርጋለሁ። የአንዱ ኤል 3 ደግሞ ሞተ። እሱ እንደ ድሮው ተራ ማብሪያ ስለሆነ ማግኔቱ አያድነውም፣ ለሱ ብዬ 14ቱን እግር እንደገና መንቀል አለብኝ። ስፕሪንጉም ትንሽ ጠንከር ይላል፣ የለመዱ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት አጉረምርመው ነበር። ባትሪም ትንሽ ይበላል ይባላል፤ እኔ ጋ ሁሉም በገመድ ስለሚሠሩ ልዩነቱ አልታየኝም።

ትልቁ ማስጠንቀቂያዬ ይሄ ነው። ከሦስቱ አንዱ ጆይስቲክ ኮፒ ነበር፣ ስገዛው ግን አላወቅሁም። መልኩ ያው ነው፣ ግን ካሊብሬሽኑን አልቀበልም አለ። መሀሉ ስላልተስተካከለ ከድሮውም ብሶ ብቻውን ይሄድ ነበር። ነቅዬ ተራውን መለስኩበት። ስለዚህ ካውያ ከማሞቃችሁ በፊት፣ ገና ሳይፈታ፣ ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ካሊብሬሽኑ እንደሚያውቀው አረጋግጡ። ኮፒ ከሆነ ተራ አናሎግ ይብቃው። 

ቤቱ ለሚጫወት አንድ ሰው፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚነካው፣ ይሄን ሁሉ ወጪ አልመክርም። ለጌም ቤት ግን ስምንት ወር ውስጥ በተራው ሁለት ሦስት ጊዜ እቀይር ነበር፣ ዋጋውን መልሶልኛል።

ተማሪዎቹ ለክረምት ሲሄዱ ቤቱ ቀዝቀዝ ይላል። ያኔ ከቀሩት ኦርጅናል የሆኑትን አራቱን እፈታለሁ። በዚህኛው ዙር ቲኤምአር የሚባለውን እሞክራለሁ፤ እሱም በማግኔት ነው፣ ከሆሉ ግን ያነሰ ኃይል ይወስዳል። ስምንት ፍሬ አዝዣለሁ፣ ከዱባይ የሚመጣውን ሰው እየጠበቅሁ ነው።