የአኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ፊልሙን ልይ ወይስ ተከታታዩን ልቀጥል?

ድሬ ላይ ከሰዓት ሙቀቱ ሲበረታ ከቤት መውጣት አይታሰብም። ከዚራ ያለው የአክስቴ ልጅ ያኔ ነው ይህን የሚጠይቀኝ።

ጊዜ፦ «ዋን ፒስ» የተባለው ተከታታይ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ1100 ክፍል በላይ ሆኗል። ፊልም ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ዳታ፦ ፊልሙን ፍላሽ ላይ አንዴ ካስጫኑት አለቀ። ተከታታዩ ጥቅል ይጨርሳል።

ሥዕል፦ ፊልሙ ይበልጣል።

ታሪክ፦ ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ብዙዎቹ ፊልሞች የጎን ታሪክ ናቸው። አዲስ ጠላት ይመጣል፣ ይሸነፋል፣ ተከታታዩ ውስጥ ስሙ እንኳን አይነሳም። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም። የ2020ው ፊልም «ሙገን ትሬን» የ«ዴመን ስሌየር» ተከታታይ የመጀመሪያው ሲዝን ካቆመበት ይቀጥላል። እሱን ወይም በ2021 በክፍል ተከፋፍሎ የወጣውን ካላያችሁ ታሪኩ ይቆረጥባችኋል። የ«ናሩቶ» ተከታታይ ገጸ ባህሪያት የናሩቶና የሂናታ ፍቅርም መልክ የሚይዘው በ2014ቱ ፊልም «ዘ ላስት» ነው። ሂናታ በእጇ የምትሠራለት ቀይ ስካርፍ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። እሱን ግን ተከታታዩን ሳትጨርሱ አትንኩት፤ መጨረሻውን ያበላሽባችኋል።

ገጸ ባህሪያቱን ለምታውቁና ከጓደኛ ጋር አንድ ከሰዓት ማሳለፍ ለምትፈልጉ የጎን ታሪኩ ደስ ይላል። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ወይም ታሪኩ ልብ ሰቅሎ ካቆመባችሁ ክፍሉን ቀጥሉ።