«የተረጋገጠ ኪራይ» የሚሏችሁ የራሳችሁ ገንዘብ ነው

ከሽያጭ ቢሮው ከወጣሁ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላኝም። ንዴቴ ስላልበረደ ፊደል ብገድፍ ይቅርታ። አፓርታማ ገዝታችሁ ለማከራየት ለምታስቡ፣ በተለይ እንደ እኔ የመጀመሪያችሁ ለሆነ ነው የምጽፈው።

ቢሮውን ታውቁታላችሁ። የመስታወት በር፣ መሃል ላይ አምፖል የሚበራበት ትንሽዬ የሕንፃ ሞዴል፣ ሳትጠይቁ የሚቀርብ የታሸገ ውሃ፣ «የቀሩን አራት ቤቶች ብቻ ናቸው» የምትል ልጅ። ከሁለት ዓመት በፊት አራት ነበሩ። ዛሬም አራት ናቸው።

እኔን የያዘኝ ብሮሹሩ ላይ ያለ አንድ መስመር ነው፦ «ለ2 ዓመት፣ በየዓመቱ 8 በመቶ የተረጋገጠ ኪራይ»። ተከራይ ቢገኝም ባይገኝም ኩባንያው ከገዛሁበት ዋጋ 8 በመቶውን በየዓመቱ ይከፍላል። ማታ ማታ በስልኬ ካልኩሌተር 8 በመቶዋን ለ12 ወር እያካፈልኩ ስደሰት ባለቤቴ «ግን ከየት አምጥተው ነው የሚከፍሉህ?» አለችኝ። «አንቺ ደግሞ ሰው አታምኚም» አልኳት።

ሌላም ምልክት ነበር። የባንኩ ገማች ቤቱን አይቶ ከተሸጠልኝ ዋጋ በጣም ዝቅ ያለ ግምት ሰጠ። ቁጥሩ እንዲቀላችሁ የሱን ግምት 100 እንበለው፤ እኔ የገዛሁት በ120 ነው። ልጅቷ ሳቅ ብላ «ገማቾች ሁሌም እንደዚህ ናቸው ጋሽዬ» አለችኝ። ባንኩ የሚያበድረው ከራሱ ግምት ላይ ስለሆነ ልዩነቱን ከቁጠባዬ አውጥቼ ሞላሁ። እየሳቅኩ!

ሁለት ዓመቱ እንደ ሰዓት ሄደ። ገንዘቡ አንድም ወር አልዘገየም። ያላወራሁለት ሰው የለም፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬንም ግዛ ግዛ ብዬ አሰልችቼዋለሁ። (እግዜር ይስጠው፣ አልሰማኝም።) ባለፈው ወር ዋስትናው አበቃና ቤቱን ለተከራይ አቀረብኩ። ከ120ው ላይ በዓመት 9.6 ስቀበል የነበርኩት ሰውዬ፣ የተገኘው ትልቁ ኪራይ 5 ሆነ። ዋስትናውን ያራዝሙልኝ እንደሆን ብዬ ነው እንግዲህ ዛሬ የሄድኩት።

ያቺው ልጅ ናት። አላወቀችኝም፣ ወይም እንዳላወቀች ሆነች። የውል ቁጥሬን ጠየቀችኝና ኮምፒውተሯ ላይ ትፈልግ ጀመር። ስክሪኑ ወደ እኔ ትንሽ ዞር ብሏል። የዋጋ ሰንጠረዥ ነው። ሁለት ዓምድ አለው፤ አንዱ «ከኪራይ ዋስትና ጋር»፣ ሌላው «ያለ ዋስትና»። የእኔን ፎቅ ፈልጌ አገኘሁት። አንዱ ከሌላው በ20 ይበልጣል። የገማቹ 100 ቁጭ ብሎ እያየኝ ነው።

«ይሄ ሁለተኛው ምንድን ነው?» አልኳት።

ስክሪኑን ወደ ራሷ መለስ አደረገችው። «ዋስትና ለማይፈልጉ ደንበኞች ነው።»

«ለእኔ ለምን አልተነገረኝም?»

«አልጠየቁማ።»

«ታዲያ ስትከፍሉኝ የነበረው ኪራይ . . .»

«ከከፈሉት ላይ ነው የሚመለሰው። ውሉ ላይ አለ፣ አባሪ 3።» ቀና እንኳ አላለችም። ጎኗ ያለው ልጅ እስክሪብቶውን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሙድ ሲይዝብኝ አየሁት። ከዚያ በትከሻዬ በላይ አሻግራ እያየች «ቀጣይ» አለች። ጋሽዬነቴ የቆየው እስክፈርም ድረስ ነው ለካ።

አባሪ 3ን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። እውነትም አለ። በሁለት ዓመት የመለሱልኝ 19.2 ነው። የጨመሩብኝ 20። 0.8ቷን ለድካማቸው አስቀርተዋል ማለት ነው። እኔ ደግሞ በገዛ ገንዘቤ ላይ የኪራይ ገቢ ግብር ስከፍል ከርሜያለሁ። ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነው።

አሁን የቀረኝ ምንድን ነው? ከ5ቱ ላይ የሕንፃው የጋራ መዋጮ፣ እድሳት፣ በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢቀመጥ ደግሞ የዚያ ኪራይ ሲቀነስ 3 ቢተርፈኝ ነው። ከ120 ላይ 3 ማለት 2.5 በመቶ። የባንኩ ወለድ ከዚህ በላይ ነው። ልሽጠው ብል ገዥው ዋስትና የሌለው ቤት ነው የሚገዛኝ፤ 100 ከሰጠኝም ነው።

ምክር ካላችሁኝ፦ «ያለ ዋስትና ስንት ነው?» በሉ። እዚያው ሕንፃ ላይ ከግለሰብ የተከራየ ሰው ፈልጋችሁ ስንት እንደሚከፍል ጠይቁ። ገማች ዝቅ ካደረገ ገማቹን ስሙ። ሚስታችሁንም።

ስወጣ ሁለት ወጣቶች ሞዴሉ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። ባልና ሚስት ይመስላሉ። ልጅቱ ውሃ አቅርባላቸው «አሁን እኮ ዋስትናውን 3 ዓመት አድርገነዋል» ትላቸዋለች። አፌ ተሳስሮ ዝም ብዬ አለፍኩ።