ጋላክሲ ኤ15 ለኛ ኑሮ ይሆናል? ስልክ ልትቀይሩ ላሰባችሁ

ብር ለገበያ ከተለቀቀ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ስልክ መቀየር ከባድ ወጪ ሆኗል፣ ብዙ ሰው የወራት ደሞዙን ነው ሚያወጣበት፣ ስለዚህ አንዴ ከተገዛ ቢያንስ አራት አምስት አመት ማገልገል አለበት ባይ ነኝ። እኔ አሁን ምጠቀመው ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ15 ነው፣ ፎርጂው፣ ባለ 6 ጂቢ ራም (አፖች ሲሰሩ ሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ቦታ) እና 128 ጂቢ ስቶሬጅ (አፕ እና ፋይል ሚቀመጥበት ቦታ)። እህቴ ደሞ ቴክኖ ስፓርክ 20 ይዛለች፣ እሱንም በደንብ ስለማውቀው ሁለቱን እያነጻጸርኩ ልጻፍላችሁ። ጌም አልጫወትም፣ የኔ አጠቃቀም ቴሌግራም፣ ቴሌብር፣ የባንክ አፕ፣ ዩቲዩብ እና መደወል ነው፣ አብዛኛው ሰውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ ሚነገራችሁ ካሜራው ነው፣ "50 ሜጋፒክስል ነው" ይሏችኋል። ሁለቱም ስልኮች 50 ናቸው፣ ግን ስታነሱ አራት አራቱን ፒክስል አንድ አድርገው 12 አካባቢ ነው ሚያወጡት፣ ስለዚህ በዚህ ቁጥር ብቻ ስልክ አትምረጡ። በቀን ብርሃን ሁለቱም ጥሩ ያነሳሉ። ሰልፊ ለምትወዱ ስፓርኩ 32 ሜጋፒክስል የፊት ካሜራ እና የፊት ፍላሽ አለው፣ እህቴም የመረጠችው ለዛ ነው፣ ደስተኛም ናት። ካሜራን በተመለከተ ይሄ ይበቃል።

ከካሜራ በላይ መታየት ያለበት ስቶሬጅ ነው። የኛ ሰው ስልክ ሚሞላው በቴሌግራም ነው፣ የቻናሉ ቪዲዮ፣ የግሩፑ ፎቶ፣ ፒዲኤፉ፣ የድምጽ መልዕክቱ ሁሉ ሳትነኩት ራሱ ዳውንሎድ እያደረገ ይከመራል፣ ከዛ ስልኩ ስታክ ማድረግ ይጀምራል፣ ባለቤቱም ስልኬ ተበላሸ ብሎ ፍላሽ ሊያስደርግ ይሄዳል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ሚለው ጋ ገብታችሁ አውቶ ዳውንሎዱን ዝጉት፣ ስቶሬጅ ዩሴጅ ሚለው ጋ ደሞ የተከመረውን አጥፉት፣ ቻናሉ ላይ እስካለ ድረስ መልሳችሁ ማውረድ ትችላላችሁ። እንደዛም ሆኖ ባለ 64 አሁን ላይ አይበቃም፣ ከ128 በታች አትግዙ። "ሚሞሪ ካርድ እጨምርበታለሁ" ለምትሉ ደሞ ካርዱ ለፎቶ እና ለቪዲዮ ነው ሚጠቅመው፣ አፕ ግን በዋናነት ሚቀመጠው ስልኩ ላይ ነው።

ራም ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ካርቶኑ ላይ "16 ጂቢ" ተብሎ በትልቁ ይጻፋል፣ ከስሩ በትንሹ 8 ሲደመር 8 ይላል። ሁለተኛው 8 እውነተኛ ራም አይደለም፣ ከስቶሬጁ ተቆርጦ እንደ ራም ሚሰራ ነው፣ ፍጥነቱም ከእውነተኛው በጣም ያንሳል። ሳምሰንግም ራም ፕላስ ብሎ ተመሳሳይ ነገር ያደርጋል። ስለዚህ ሻጩን "ራሱ ራሙ ስንት ነው" ብላችሁ ጠይቁ፣ 4 ከሆነ ዛሬ ቢሰራም ከሁለት አመት በኋላ ያስቸግራችኋል፣ 6 እና ከዛ በላይ ይሁን።

አሁን ወደ ሲሙ ልምጣ፣ ይሄ ለኛ በጣም ወሳኝ ነው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 በይፋ ስራ ከጀመረ ጀምሮ ብዙዎቻችን ሁለት ሲም ነው ምንይዘው፣ ዜሮ ዘጠኙ ለቴሌብር እና ለባንክ፣ ዜሮ ሰባቱ ለዳታ ፓኬጅ፣ ወይ ደሞ ሰፈራችን ላይ የተሻለ ኔትወርክ ያለውን እያየን። ኤ15 ሁለት ሲም ይይዛል፣ ግን ሁለተኛው ቦታ የሲም እና የሚሞሪ ካርድ የጋራ ነው፣ ሁለት ሲም ካስገባችሁ ሚሞሪ ካርድ የለም። ስፓርኩ ለካርዱ የራሱ ቦታ አለው። ሁለት ሲም ሚይዝ እና ብዙ ፋይል ሚያስቀምጥ ሰው ኤ15ን ከወሰደ ባለ 256ቱን ይፈልግ፣ እኔ ለኔ 128ቱ በቅቶኛል ምክንያቱም ፎቶዎቼን በየጊዜው ላፕቶፕ ላይ እገለብጣለሁ።

ባትሪው ሁለቱም 5000 ነው፣ ጠዋት ከቻርጅ ነቅዬ ማታ ድረስ ይወስደኛል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ላላችሁ ግን ከባትሪው እኩል እዩት ምለው የቻርጅ ፍጥነቱን ነው፣ መብራት ለአንድ ሰአት ብትመጣ ምን ያህል ይሞላል ነው ጥያቄው። ኤ15 እስከ 25 ዋት ይቀበላል፣ ስፓርኩ 18። ችግሩ ኤ15 ካርቶን ውስጥ ገመድ እንጂ የቻርጀሩ ራስ የለም፣ ለብቻ ነው ሚገዛው፣ ስትገዙም ያንን ሂሳቡ ውስጥ አስገቡት። ገበያ ላይ ያለው ኮፒ ቻርጀር ብዙ ነው፣ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ይግላል፣ እባካችሁ እዚህ ላይ አትቆጥቡ። ስፓርኩ ቻርጀሩም ከቨሩም ካርቶኑ ውስጥ አለ፣ ስፒከሩም ሁለት ስለሆነ ድምጹ ይሻላል፣ ቴክኖ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚሁ አገር ውስጥ ስለሚገጣጠም ደሞ ስክሪኑን ሚቀይርላችሁ ሰው ማግኘት አይከብድም።

ታዲያ ለምን ኤ15 መረጥክ ካላችሁኝ አንዱ ስክሪኑ ነው፣ አሞሌድ (ደማቅ ሚያሳይ የስክሪን አይነት) ነው፣ ፉል ኤችዲ ነው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ፀሐይ እየመታኝ የቴሌብር ሂሳቤን ያለችግር አነባለሁ። ዋናው ግን አፕዴቱ ነው። ሳምሰንግ ለዚህ ስልክ 4 የአንድሮይድ አፕዴት እና የ5 አመት የሴኩሪቲ አፕዴት ነው ቃል የገባው፣ ስልኩ የወጣው በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ስለሆነ እስከ 2028 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ ይሄዳል ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ደረጃ ላሉ አብዛኞቹ ስልኮች ይሄን ያህል ቃል አይገባላቸውም። ገንዘባችን በሙሉ ስልክ ውስጥ በገባበት ዘመን ሴኩሪቲው ሚታደስ ስልክ መያዝ ቅንጦት አይደለም፣ የባንክ አፖችም ጊዜ ሲሄድ በቆየ አንድሮይድ ላይ አልሰራም ማለታቸው አይቀርም። ከሱ ቀጥሎ የወጣው ኤ16 6 አመት ተገብቶለታል፣ ውሃ ፍንጣሪም ይችላል፣ ግን የድሮውን የኢርፎን ቀዳዳ አጥፍተውታል፣ ባለ ገመድ ኢርፎን ለምትጠቀሙ ኤ15 ላይ አለላችሁ።

ዘመድ ከአሜሪካ ስልክ ሊልክላችሁ ከሆነ ቀድማችሁ አስጠይቁ፣ በኮንትራት የተገዛ ከሆነ በኔትወርክ ኩባንያው ስለሚቆለፍ የኛን ሲም አይቀበልም፣ አንሎክድ መሆኑ ይረጋገጥ። የአሜሪካ አይፎን ከ14 ጀምሮ ጭራሽ ሲም ማስገቢያ የለውም፣ በኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ ሚጫን ሲም) ብቻ ነው ሚሰራው። ስላይትሊ ዩዝድ ምትገዙ ደሞ *#06# ደውላችሁ ሚመጣውን የስልኩን መለያ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ፣ ከዛ ሻጩ ፊታችሁ ሪሴት አድርጎት እስከመጨረሻው ሴትአፕ ይደረግ፣ የድሮውን ሰውዬ ጂሜይል ከጠየቀ በሱ አካውንት ተቆልፏል ማለት ነው፣ እዛው ተዉት። ሁለቱንም ሲማችሁን አስገብታችሁ ደውሉበት፣ ዳታ ክፈቱ፣ ሻጩ ቢቸኩልም እናንተ አትቸኩሉ።

ለእናት ለአባት ስልክ ለምትፈልጉ ደሞ ሁሉም ሰው ስማርት ስልክ አያስፈልገውም። እማዬ ጅዳ ካለችው እህታቸው ጋር በኢሞ እየተያዩ ስለሚያወሩ ስማርት ያስፈልጋቸዋል፣ ለሳቸው ትልቅ ስክሪን፣ ጮክ ያለ ድምጽ እና የአማርኛ ኪቦርድ ነው ያየሁላቸው። ጎረቤታችን ጋሼ ግን ሚደውሉት እና ጡረታቸውን ሚያንቀሳቅሱት ብቻ ነው፣ *127# ብለው በበተን ስልካቸው ቴሌብራቸውን ይሰራሉ፣ ባትሪውም ቀናት ይቆይላቸዋል፣ ልጆቻቸው ስማርት እንግዛልዎ ሲሏቸው እኔም ይሄ ይበቃቸዋል ብዬ ነው የነገርኳቸው።