ያልተቃኘች ብስክሌት

ሰባት ወር ነዳኋት። 2,900 ኪሎ ሜትር። ማርሿም ፍሬኗም ኮርቻዋም ደህና ናቸው፤ ስለነሱ የምለው የለኝም። ዛሬ የማወራው ስለ ኋላ ቸርኬዋ ነው።

በመጋቢት ስገዛት 1,150 ዩሮ ከፈልኩ። ሻጩ ቀለሟን በእጁ እየዳበሰ "ይቺ ጥቁር ባሕር ድረስ ታደርስሃለች" አለኝ። ነገሩ እውነት አለው። ፈረንሳይ ውስጥ ሎዋር ወንዝን ይዞ የሚሄደው የብስክሌት መንገድ ዩሮቬሎ 6 የሚባለው የአውሮፓ ረጅም የብስክሌት መንገድ አካል ነው፤ እሱ ደግሞ ከአትላንቲክ ተነስቶ ጥቁር ባሕር ይደርሳል። እኔ ግን ጥቁር ባሕር አላማረኝም። ከኦርሌአን ሶሙር ብታደርሰኝ ይበቃኝ ነበር።

700 ኪሎ ሜትር ላይ የመጀመሪያው ራጂ፣ ማለትም ቸርኬውን ከመሀል የሚወጥረው ቀጭን ሽቦ፣ ተበጠሰ። "ጭነት አብዝተህ ነው" አሉኝ ሱቅ። 1,300 ላይ ሁለተኛው። "ጉድጓድ ገብተህ ይሆናል" አሉኝ። ፖርቶ መጋላው ላይ እኮ 25 ኪሎ ተብሎ በጉልህ ተጽፏል። ቤት ገብቼ ቦርሳዎቼን ከነድንኳኑ መዘንኳቸው። 16 ኪሎ። እና ወንድሜ፣ እኔ ላይ ባታላክክ ደስ ይለኛል።

ይህን ያስጻፈኝ ሦስተኛው ነው። የጉዞው ሁለተኛ ቀን ነበር። ጧት ከብሎዋ ወጣሁ። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ነፋሱ ግን ፊት ለፊት። የሾሞን ግንብ ከፍታው ላይ ብቅ እንዳለ ከስሬ "ጧ!" አለ። ከዚያ ቸርኬው በዞረ ቁጥር ሽው፣ ሽው፣ ሽው። ተጣሞ ፍሬኑን እየነካ ነው። ወርጄ አየሁ። ያው እንደ ሁልጊዜው በማርሹ በኩል ያለ ራጂ፣ ያው ቆልመም የሚልበት ጫፉ ላይ።

ትርፍ ራጂ ይዣለሁ፤ በፕላስተር ከብረቷ ጋር አስሬዋለሁ። ግን ምን ዋጋ አለው? በዚያ በኩል የተበጠሰን ለመቀየር የማርሹ ጥርሶች መውለቅ አለባቸው። መፍቻው የለኝም። ቀኑ ሰኞ ነው፤ ሰኞ ደግሞ በፈረንሳይ ገጠር ብዙ ሱቅ ዝግ ነው። ቀጣይዋ ከተማ አምቧዝ ገና 20 ኪሎ ሜትር ያህል ትቀራለች።

የኋላ ፍሬኑን ፈታ አድርጌ ቀስ እያልኩ ነዳሁ። ውሃዬም አልቋል። እዚህ አገር በብስክሌት የሚዞር ሰው አንድ ነገር ያውቃል፤ ውሃ ሲያልቅብህ መቃብር ቦታ ፈልግ። የመንደር መቃብር ብዙ ጊዜ ቧንቧ አለው፣ ለአበባው። መጀመሪያ ሰሞን ከሙታን ውሃ መለመን መስሎ ይከብደኝ ነበር። አሁን እጅ ነስቼ እቀዳለሁ።

ቧንቧው ጋ አንድ ሽማግሌ አበባ ያጠጣሉ። ፊቴን አዩ፣ ብስክሌቷን አዩ። "ኤርትራዊ ነህ? እንደ ግርማይ?" ቢኒያም ግርማይ በ2024 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ በነጥብ አንደኛ ለሆነ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማሊያ ከወሰደ ወዲህ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። "ኢትዮጵያዊ ነኝ" አልኳቸው። "እኛም ግርማይ አለን። ፅጋቡ ግርማይ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ።" ሳቁ። ቀጥለው ቸርኬውን ሲያዩ ሳቃቸው ቆመ።

ጋራዣቸው ከመቃብሩ ማዶ ነው። በወጣትነታቸው ይወዳደሩ ነበር፤ መፍቻው ሁሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው "ረዮን" ይላሉ፣ እኔ "ራጂ" እላለሁ። የእኛው ራጂ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ሁለቱ ቃላት የአክስት ልጆች ናቸው።

አዲሱን ራጂ ከማስገባታቸው በፊት የቀሩትን አንድ በአንድ በጣታቸው መቷቸው። ልክ እንደ ክራር። አንዱ "ቲን" ይላል። ጎረቤቱ "ዱም"። ቀጣዩ ጭራሽ ዝም ለማለት ምንም አልቀረው። "ሰማህ?" አሉኝ። "በአንድ በኩል ያሉት ሁሉ ድምፃቸው መመሳሰል አለበት።" በማርሹ በኩል ጥርሶቹ ቦታ ስለሚወስዱ ራጂዎቹ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት፤ ከግራዎቹ ይበልጥ መወጠር አለባቸው። የላላው ቸርኬው በዞረ ቁጥር ሲጠብቅና ሲረግብ ይውላል፤ በመጨረሻ ጫፉ ላይ ደክሞ ይበጠሳል። ይኸው ነው። ፋብሪካው እኩል አልወጠረም፣ ሱቁም አልፈተሸም።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ቃኙት። ገንዘብ ሳወጣ ተቆጡኝ። አምቧዝ ስገባ መሽቷል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1519 እ.ኤ.አ. የሞተባት ከተማ ናት፤ እኔ ያን ቀን ያየሁት ግን ወንዙ መሀል ያለችው ደሴት ላይ የተከልኩትን የድንኳኔን ጣሪያ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ 1,100 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ፤ አንድም ራጂ አልተበጠሰም። ሻጩ ይህን ቢሰማ "ታዲያ ጥሩ ናት አላልኩህም?" እንደሚለኝ አውቃለሁ። ናት። ግን ያስተካከሏት እሳቸው ናቸው፣ 1,150 ዩሮውን የወሰድከው አንተ ነህ። ይቆጭሃል ወይ ለሚለኝ፣ ስነዳት አይቆጨኝም። ደረሰኙን ሳይ ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሱቅ በኩል ሳልፍ መንትያዋ መስኮቱ ላይ ቆማለች። ገባሁ። ተንበርክኬ የኋላ ራጂዎቿን መታ መታ አደረግኳቸው። ቲን። ዱም። ቲን። አንድ የማላውቀው ሻጭ መጣና "ምን ልርዳዎት?" አለኝ።

"አልተቃኘችም" አልኩት።