የዓለም ጤና ድርጅት ነፃ የኦንላይን ኮርሶች፦ ከድሬዳዋ ሆኜ እንዳየኋቸው

ድሬዳዋ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ፤ ትምህርቴ ነርሲንግ በዲፕሎማ። የሰፈሬ የሳቢያን ልጆች «ሲስተር፣ ያ የዓለም ጤና ድርጅት ነፃ ኮርስ ይጠቅማል ወይ?» እያሉ ስለሚጠይቁኝ መልሴን እዚህ ልጻፈው። አዎ፣ ይጠቅማል። ከአምስት ኮከብ አራቱን እሰጠዋለሁ።

ኮርሶቹ የሚሰጡበት የድርጅቱ ድረ ገጽ «ኦፕን ደብሊው ኤች ኦ» የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ክፍያ የለውም፤ በራስ ሰዓት ይጠናል፤ ቪዲዮውም ስላይዱም ይወርዳል። እኔ ኔትወርኩ ሲሻል ሌሊት አወርድና፣ ከሰዓት ሙቀቱ ከተማውን ሁሉ ቤት ሲያስገባ በስልኬ አጠናለሁ።

የጀመርኩት በትንኝ በሚተላለፉ ቫይረሶች ነው። ለእኛ ከተማ ሩቅ ነገር አይደለም። ደንጊ በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በወረርሽኝ መልክ የተመዘገበው በ2006 ዓ.ም. እዚሁ ድሬዳዋ ነው፤ በ2011 ማብቂያ ላይ ደግሞ ቺኩንጉንያ ስንቱን በመገጣጠሚያ ሕመም አስተኝቶታል። «በርሜሉን ክደኑ፣ ሮቶውን ክፍቱን አትተዉት» እያልን ስንዞር ኖረናል። ኮርሱ የጨመረልኝ ምክንያቱን ነው፦ ትንኟ እንቁላሏን የምትጥለው ከውኃው ከፍ ብሎ በርሜሉ ግድግዳ ላይ ነው፤ እንቁላሉ ደርቆ ለወራት ይቆያል። ስለዚህ ውኃውን መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ ግድግዳው በብሩሽ መፈግፈግ አለበት። አሁን እናቶችን የማሳየው ይህንን ነው፣ ሲገባቸውም ፊታቸው ላይ ያስታውቃል።

ኮርሶቹ የሚጎድላቸው እንግሊዝኛው ላይ ነው። የሕክምና ቃሉ የለመደ ሰው ይወጣዋል፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል የመጣ ልጅ ግን ይደክማል። ሰርተፍኬቱም የዩኒቨርሲቲ ክሬዲት አይደለም። አንዱን ኮከብ የቀነስኩት ለዚህ ነው።

ከኮርሱ ቀጥሎ ያለው በር ግን ይበልጥ ያሳስበኛል። የድርጅቱ ኢንተርንሺፕ (ተማሪዎች እዚያ እየሠሩ የሚለማመዱበት ፕሮግራም) ለረጅም ጊዜ ክፍያ አልነበረውም። የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ጄኔቫ ላይ ራሱን ችሎ ወራት መኖር የሚችል የማን ልጅ ነው? እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ጉባኤ ተቀባይነት ከሚያገኙት ተለማማጆች ቢያንስ ግማሹ በልማት እጅግ ወደኋላ ከቀሩና ከመካከለኛ ገቢ አገሮች እንዲሆኑ ወሰነ፤ ከ2020 ጀምሮም የኑሮ ድጎማ መከፈል ጀመረ። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፣ ከልቤ ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ለማመልከት ሦስት ዓመት ሙሉ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይጠየቃል። በቴክኒክና ሙያ በኩል የመጣች የጤና ሠራተኛ ከነልምዷ ውጭ ትቀራለች።

በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋን ያመሰው ወባ ከጥር እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ብቻ ከ2,400 በላይ ሰው ይዟል። ምክንያቷ ከደቡብ እስያ የመጣችው፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ የምትራባው፣ በበጋም የማትጠፋው የስቴፈንሲ ትንኝ እንደሆነች ተመራማሪዎች አሳይተዋል። እንዲህ ያለ ጥናት ላብራቶሪ ይፈልጋል፤ በየትኛው ግቢ ስንት በርሜል እንዳለ የሚያውቅ ሰውም ይፈልጋል። ያንን የሚያውቁት የሰፈሩ ልጆች ናቸው። ለእነሱ የተለየ መግቢያ ሊከፈት ይገባል፤ ቢያንስ የሥራ ዓመታቸው ይቆጠርላቸው።

የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሐረር ያለው የሐረማያ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተማሪዎች፣ ሦስተኛ ዓመት ከጨረሳችሁና 20 ዓመት ከሞላችሁ ለኢንተርንሺፑ አመልክቱ። ከተመረቃችሁም ስድስት ወር ሳያልፍ መሆን አለበት።