ለአሮጌ ኮርስ ሳይክል የትኛው ሄድሴት?

ሄድሴት ስል ጆሮ ላይ የሚደረገውን አይደለም። የሳይክሉ መሪ እንዲዞር ከፍሬሙ የፊት ቱቦ ላይና ታች የሚገቡትን ሲኒዎች፣ ኩሽኔታዎችና ዳዶዎች ማለቴ ነው። የማወራው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ስለተሠሩ የብረት ኮርስ ሳይክሎች ነው። የሹካቸው አንገት 1 ኢንች ውፍረትና ጥርስ አለው፣ ሄድሴቱም በዳዶ ይታሰራል።

የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱና መሪውን በጣት ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ልክ ቀጥ ሲል ጠቅ ብሎ የሚያዝ ከሆነ የታችኛው መንገድ፣ ማለትም ብዮቹ (የኩሽኔታው ትንንሽ የብረት ኳሶች) የሚሽከረከሩበት ቦይ፣ ተቦርቡሯል። ብዙ ሰው ጉድጓድ የመታው ይመስለዋል። ዋናው ጥፋተኛ ግን ቀጥ ብሎ መሄድ ነው። መሪው ስለማይዞር ብዮቹ አንድ ቦታ ላይ ይርገበገባሉ፣ ግራሶው ከሥራቸው ይሸሻል፣ ብረት ብረትን ይበላል።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ብዮቹ በቆርቆሮ ቀለበት የተያዙ ከሆነ ቀለበቱን ጣሉትና ልቅ ብይ በግራሶ ደርድሩ። የአንድ ብይ ያህል ክፍተት ተዉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ስለሚቀየር ሁሉም ባንዴ ጉድጓዱ ውስጥ አይወድቁም። አብዛኛው ሄድሴት 5/32 ኢንች ብይ ይወስዳል፣ የጣሊያኑ ካምፓኞሎ ፋብሪካ የድሮ ሄድሴት፣ ሬኮርድ የሚባለው፣ ግን 3/16። እኔ በዚህ ዘዴ አንድ ክረምት ከርሜበታለሁ።

ካልሆነ መግዛት ነው። እዚህ ላይ ነው እኔ የተሞኘሁት። አሜሪካ ያለው ያክስቴ ልጅ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ከሹካው ሥር የሚገባውን ቀለበት ሳስገባው ያለ መዶሻ፣ እንደ ጣት ቀለበት ሸርተት ብሎ ወረደ። ደስ አለኝ። ሞኝነቴ! ያ ቀለበት በመዶሻ ተመትቶ ነው መግባት ያለበት። የኔ ሹካ መቀመጫ 26.4 ሚሊ ሜትር ነው፣ የመጣው ቀለበት ደግሞ 27.0። ሌላ ሻንጣ እስኪመጣ አምስት ወር ጠበቅኩ።

ስለዚህ ከብራንድ በፊት ካሊፐር (ውፍረት በሚሊ ሜትር የሚለካ መሣሪያ)። ቀለበቱ 27.0፣ የሲኒው ውጭ 30.0 ከሆነ ሳይክሉ የድሮ የጃፓን ልክ ነው። 26.4 እና 30.2 ከሆነ የተለመደው ዓለም አቀፍ ልክ ነው። የድሮ ፔዦን የመሰለ የፈረንሳይ ሳይክል ካላችሁ ተጠንቀቁ። የሹካው አንገት 25.0 ሚሊ ሜትር ነው፣ ጥርሱም በየ1 ሚሊ ሜትሩ። የሌላው ዳዶ መጀመሪያ ላይ የሚገባ መስሎ ያታልላል። የጣሊያኑ ጥርስ ማዕዘኑ ትንሽ ቢለይም በተግባር ከተለመደው ጋር ይግባባል።

ሁለተኛው ልክ ቁመቱ ነው፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ይሄንን ነው። የሹካውን አንገት ርዝመት ለኩና የፍሬሙን የፊት ቱቦ ርዝመት ቀንሱለት። አንገቱ 181፣ ቱቦው 145 ከሆነ ያላችሁ 36 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ የሚያጥር ሄድሴት ብትገዙ ክፍተቱን ሮንዴላ ይሞላዋል። ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ግን የላይኛው ዳዶ የሚይዘው ጥርስ ያጣል።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ታንጌ ሌቪን የብረት ነው፣ ቅርጹ የካምፓኞሎን ይመስላል፣ ዋጋውም ከ20 እስከ 40 ዶላር አካባቢ ነው። በ26.4ም በ27.0ም ስለሚሠራ ስታዙ ቁጥሩን ጻፉ። እውነቱን ልናገር፣ የሚያምር ነገር የለውም። ግን ሲያረጅ ብይና ግራሶ ነው የሚጠይቃችሁ፣ ያ ደግሞ የትም ሰፈር አይጠፋም።

ስትሮንግላይት ኤ9 በብይ ፈንታ ትንንሽ ዘንጎች አሉት። ብይ መንገዱን በነጥብ ነው የሚነካው፣ ዘንግ በመስመር። ክብደቱ ስለሚከፋፈል ቶሎ አይቦረቦርም፣ ለኮብልስቶን መንገድ ጥሩ ነው። አሉሚኒየም ስለሆነ ቀላል ነው። ቁመቱን ግን ሁለቴ ለኩ፣ የውስጡ ዕቃ ካለቀም እዚህ ፈልጎ ማግኘት ፈተና ነው።

ያገለገለ ካምፓኞሎ ሬኮርድ የሚሸጥ ሰው ካጋጠማችሁ ሲኒውን ጥረጉና የእስክሪብቶ ጫፍ በመንገዱ ላይ ዙሩበት። ጠቅ ጠቅ ካለ ተዉት፣ ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ለስላሳ ከሆነ ሳትከራከሩ ውሰዱ።

ክሪስ ኪንግ ከ1976 ጀምሮ የሚሠራ የአሜሪካ ፋብሪካ ነው። ኩሽኔታው የታሸገ ነው፣ ዓመታት ይቆያል። ዋጋው ግን ከ150 ዶላር በላይ ነው። የኔ ሳይክል ራሱ ያን ያህል አያወጣም።

እኔ ሌቪን ነው ያስገባሁት። በቀን አስር ኪሎ ሜትር ለምሄድ ሰው ይበቃል። ኮብልስቶን የሚበዛበት መንገድ ቢኖረኝ ኖሮ ኤ9ን እመርጥ ነበር፣ ትርፍ ዘንጎችንም አብሬ አስመጣ ነበር።

ሲኒዎቹን በመዶሻ አትምቱ። ረጅም ባለጥርስ ዘንግ፣ ሁለት ዳዶና ወፍራም ሮንዴላ ካላችሁ ቀስ እያላችሁ ስባችሁ ታስገባላችሁ። ከሳምንት በኋላ የፊት ፍሬን ያዙ፣ ጣታችሁን የታችኛው ሲኒ ላይ አድርጋችሁ ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ ግፉት። ከተንቀጫቀጨ የላይኛውን ዳዶ አላሉ፣ ከሥሩ ያለውን ባለጥርስ ሲኒ በጥቂቱ አጥብቁና ዳዶውን መልሳችሁ እሰሩ።