ሁለት ዘበኛ በአንድ በር፦ የገዛሁት ጸረ ቫይረስ ከስድስት ወር በኋላ

ይህን ጸረ ቫይረስ የገዛሁት ባለፈው ኅዳር ነው። ሻጩ ቀድሞ ሱቁ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነበር፤ ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ዕቃውን ጭኖ አራት ኪሎ ገባ፤ እኔም ቤቴ እዚያው ስለሆነ ደንበኝነቴ ቀጠለ። ፈቃዱ ለአንድ ኮምፒውተር፣ ለአንድ ዓመት ነው። የፕሮግራሙን ስም አልጠራም፤ ያየሁት መከራ አብዛኛው የራሴ ሥራ ነበርና።

ለመግዛት ያነሳሳኝ ፍርሃት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የእኔ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ደግሞ ሰባተኛ ትውልድ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። «እንግዲያው ጠንካራ ጸረ ቫይረስ ልግዛለት» አልኩ። ስሌቱ ስሕተት ነበር። ጸረ ቫይረስ የሚገባውን ይፈትሻል እንጂ ዊንዶውስ ራሱ ላይ የተገኘን ቀዳዳ አይደፍንም። ይህን ያወቅኩት ገንዘቡን ከከፈልኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ይቅርብኝ የሚያሰኙ ነበሩ። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ እስኪረጋጋ 11 ደቂቃ ይፈጅበታል። ባለቤቴ ቡናውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበናውን ስትጥድ እርሱ ገና ያጉረመርማል። አንዲት የሁለት ገጽ ደብዳቤ ለመክፈት ደጅ መጥናት ነበረብኝ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና እስኬፕን አንድ ላይ ተጭኜ የሥራ መቆጣጠሪያውን ስከፍት፣ ሃርድ ዲስኩ ምንም ሳልሠራበት 100 በመቶ ተይዟል።

ነገሩ የፈነዳው በአንድ እሑድ ማታ ነው። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት፤ ፍላሿ ከማባዣ ክፍል ወደ ማባዣ ክፍል ሲዞር የሚውል ነው። እንዲህ ዓይነት ፍላሽ የሚያመጣውን የአቋራጭ (ሾርትከት) ቫይረስ የማያውቅ የለም፤ እውነተኛዎቹን ፎልደሮች ይደብቅና በየስማቸው አቋራጭ ያስቀምጣል፤ አቋራጩን ስትጫኑ ቫይረሱን ታስነሣላችሁ። ፍላሹን እንደሰካሁ በስክሪኑ ጥግ ሁለት መልእክቶች ተከታትለው ብቅ አሉ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። ሰማያዊው ስጋት አገኘሁ አለ። አረንጓዴውም አገኘሁ አለ። ቀጥሎ ሰማያዊው «ፋይሉን መክፈት አልተቻለም» ብሎ ተቆጣ፤ ያኛው ይዞበታል። ፍላሹን ልንቀል ብል «በሥራ ላይ ነው» ተባልኩ።

«ፈተናው ነገ ጠዋት ይባዛል፤ እኔ አላውቅልህም» አለችኝ።

አረንጓዴው ማን እንደሆነ ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ዊንዶውስ የጫነልኝ ልጅ መርቆ የተወልኝ ነፃ ጸረ ቫይረስ ነበር። የዊንዶውስ የራሱ ጸረ ቫይረስ፣ ዲፌንደር፣ ሌላ ጸረ ቫይረስ ገብቶ ሲመዘገብ ከዋናው ጥበቃ ገለል ይላል፤ እንዲህ እንዲያደርግ ነው የተሠራው። ከውጭ የመጡት ሁለቱ ግን እርስ በርሳቸው እንዲህ ያለ ጨዋነት የላቸውም። እያንዳንዱ ከሥር የራሱን ማጣሪያ ተክሎ ማንኛውም ፋይል ከመከፈቱ በፊት ያስቆመዋል። አንዱ ለመፈተሽ ፋይሉን ሲከፍት ሌላው መክፈቱን ራሱን ይፈትሻል። አንድ በር ላይ ሁለት ዘበኛ ቆሞ እንግዳውን መታወቂያ፣ ባልደረባውንም መታወቂያ እንደመጠየቅ ነው። የዊንዶውስ ደኅንነት ገጽ ላይ ገብቼ የጥበቃ አቅራቢዎችን ዝርዝር ስመለከት፣ ሁለቱም በርተዋል ይላል። መጀመሪያ ማየት የነበረብኝ እርሱን ነበር።

አረንጓዴውን ከፕሮግራሞች ዝርዝር አነሣሁት፤ ኮምፒውተሩ ግን ያው ነው። ልጁ ዘንድ ደወልኩ። «ጋሼ፣ እንደዚያ ሲያነሡት ሥሩ ይቀራል» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ፕሮግራሙ ቢጠፋም ማጣሪያው አልተነቀለም ነበር። መፍትሔው የፕሮግራሙ ሠሪ ራሱ ያዘጋጀውን ማጽጃ ከሠሪው ገጽ አውርዶ፣ ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ፣ ማለትም እጅግ አስፈላጊ የሆኑት ክፍሎቹ ብቻ በሚነሡበት ሁኔታ፣ አስነሥቶ ማስኬድ ነው። ከሌላ ቦታ የሚወርድ «ማጽጃ» ግን ራሱ ሌባ ሊሆን ይችላል። ፋይሎቼን በሌላ ዲስክ ገልብጬ ጀመርኩ፤ መሐል ላይ መብራት ጠፍቶ እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ። ሲያልቅ ኮምፒውተሩ በ2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ተነሣ። ፈተናውም በጊዜው ተባዛ።

የቀረው ዘበኛ ነቅቶ መጠበቁን ያረጋገጥኩት ኢካር በሚባለው የሙከራ ፋይል ነው። 68 ፊደልና ምልክት ብቻ ነው፤ ምንም ጉዳት የለውም፤ ጸረ ቫይረሶች ግን እንደ ቫይረስ ሊይዙት ተስማምተዋል። አንድ ሰማያዊ መልእክት ብቻ መጣ። እንዲህ በቫይረስ ማስጠንቀቂያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ወር ሌላ ጣጣ መጣ። አንድ ቀን ጠዋት «ሰላም» ብዬ ስጽፍ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው የላቲን ፊደል ሆነ። ጸረ ቫይረሱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሜን በኮቪድ ጊዜ የለመድነው ዓይነት ለይቶ ማቆያ አስገብቶታል። በአንድ በኩል አይፈረድበትም፤ እኛ የምንነካውን ቁልፍ ሁሉ ተቀብሎ ወደ ፊደል የሚቀይር ፕሮግራም፣ የይለፍ ቃል ከሚሰልል ፕሮግራም ጋር አሠራሩ ይመሳሰላል። ቅጂው ከኦሪጅናል ሲዲ የተጫነ መሆኑን አረጋግጬ መለስኩትና የእርሱን ፎልደር ብቻ ከፍተሻ ነፃ አደረግኩ። ጎረቤቴ በተመሳሳይ ችግር ተማሮ ዲ የሚለውን ድራይቭ በሙሉ ነፃ አድርጎት አየሁ፤ በሩን ነቅሎ መጣል ማለት ነው።

ጸረ ቫይረሱ የማይወደድለት ነገር አለው። በየሁለት ቀኑ «ውድ ደንበኛችን» እያለ ተጨማሪ ጥቅል ሊሸጥልኝ ይሞክራል። ሳምንታዊ ፍተሻውን ራሱ ቅዳሜ ጠዋት ላይ አድርጎት ነበር፤ ወደ ምሳ ሰዓት አዛወርኩት። በሞባይል ዳታ ስጠቀም የሚያወርደውን ስላልወደድኩት ግንኙነቱን ውስን ብዬ መዘገብኩት። ፍላሽ ላይ ግን እጁ ፈጣን ነው፤ የተደበቁትን ፎልደሮች ሳይቀር ወደ ቦታቸው ይመልሳል። እኔ ቤት የሚያስፈልገው ይኸው ስለሆነ ገንዘቤ አልቆጨኝም።

ፈቃዱ በመጪው ኅዳር ሲያበቃ አላሳድሰውም። ያንን ገንዘብ ዊንዶውስ 11 ለሚቀበል ያገለገለ ኮምፒውተር እያጠራቀምኩ ነው፤ እዚያ ላይ ዲፌንደር ብቻውን ይቁም። ባለቤቴ አዲስ ፍላሽ ገዝታለች፤ ለማባዣ ክፍል የምትሰጠው ግን አሁንም ያንኑ አሮጌውን ነው።